በሰው አገር ንቀትን እንዴት ቻላችሁት? የቦርዬ ሳልሚንግ ነገር

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሮንቶ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራው አልከበደኝም፣ የከበደኝ ሰው ነው። ዝም ስለምል ፈሪ እመስላቸዋለሁ። አነጋገሬን እያስመሰሉ ይስቃሉ። አንድ ጓደኛዬ «እዚህ አገር ካልጮህክ ትረገጣለህ፣ ጠባይህን ቀይር» ይለኛል። የቆያችሁ ሰዎች እስኪ ምከሩኝ። እውነት መቀየር አለብኝ?

ምላሽ ከቶሮንቶ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ እዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ያንተው ዓይነት ሳቅ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ሕመሙን አውቀዋለሁ። ምክሩን ትቼ መጀመሪያ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ። ሰውየው ስዊድናዊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። እኔም ያወቅሁት ልጄ ሆኪ ስትጀምር ነው። ጥያቄህ ግን የሱም ጥያቄ ነበር።

ቦርዬ ሳልሚንግ በ1951 ኪሩና ተወለደ። ኪሩና በስዊድን ሰሜን ጫፍ ያለች የብረት ማዕድን ከተማ ናት። በአባቱ በኩል ሳሚ ነው፣ አጋዘን በማርባት የሚታወቀው የሰሜኑ ነባር ሕዝብ። አባቱ ማዕድን ማውጫው ውስጥ በአደጋ ሲሞት ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ካደገ በኋላ ዬቭሌ ከተማ ላለው ብሪኔስ ክለብ ተጫውቶ በ1971 እና በ1972 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ። ከቶሮንቶው የሆኪ ክለብ፣ ከሜፕል ሊፍስ የተላከው ተጫዋች መልማይ ስዊድን የሄደው ሌላ ሰው፣ አንድ በረኛ ለማየት ነበር። ዓይኑ ግን ሳልሚንግ ላይ አረፈ። በ1973 ሳልሚንግ እዚህ መጣ፣ እንግሊዝኛውም ትንሽ ነበር።

ያኔ የሰሜን አሜሪካው ሊግ የካናዳውያን ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ከሱ በፊት ኡልፍ ስተርነር የሚባል ስዊድናዊ በ1965 ለኒው ዮርክ አራት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ቀረ። ስዊድኖችን «ዶሮ» ይሏቸው ነበር። በእነሱ ቋንቋ ፈሪ ማለት ነው። ሳልሚንግ ገና ሁለተኛ ጨዋታውን ያደረገው ፊላዴልፊያ ላይ ነው። ፊላዴልፊያ በድብድብ የታወቀ ቡድን ነበር። ገፈተሩት፣ በዱላ መቱት፣ ጠብ ፈለጉት።

እዚህ ላይ በደንብ አስተውልልኝ። ሰውየው አልሸሸም። ሲመቱት መልሶ የመታበት ጊዜም አለ። ግን ተደባዳቢ ልሁን ብሎ ጨዋታውን አልጣለም። ተከላካይ ነውና ፓኳን ለማስቆም በረዶው ላይ በአካሉ ይጋደማል። ፓክ ማለት 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ደረቅ ጎማ ናት፣ ስትመታ እንደ ጥይት ነው የምትመጣው። ፈሪ ያሉት ሰው በየምሽቱ ፊቷ ተጋደመ። የሰደቡትን በቃል አላሳመናቸውም፣ እያዩ አመኑ።

ልቤን የሚነካኝ ደግሞ የ1976ቱ ነው። የካናዳ ዋንጫ የሚባል የአገራት ውድድር ተደረገ። ሳልሚንግ የመጣው የስዊድንን ማልያ ለብሶ ነው። ቶሮንቶ ላይ ስሙ ሲጠራ ያ ሁሉ ካናዳዊ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት፣ ጭብጨባውም ቶሎ አላቆመም። የሊፍስን ማልያ አልለበሰም እኮ! የእናት አገሩን ለብሶ ነው የወደዱት። እኔ ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ። ለመወደድ አገሬን ከላዬ ማውለቅ ያለብኝ የሚመስለኝ ጊዜ ነበርና።

በቶሮንቶ 16 የውድድር ዓመት ቆየ፣ 1,099 ጨዋታ አደረገ፣ 620 ጊዜ ለጎል አቀበለ። በ1986 የሌላ ተጫዋች ጫማ ስለት ፊቱን ሰንጥቆት ከ200 በላይ ስፌት ተሰፍቷል። የሊጉን ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። በ1996 ግን ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ስዊድናዊ ሆነ። ሌላው ስዊድናዊ ማትስ ሱንዲን በኋላ የሊፍስ አምበል የሆነው እሱ በከፈተው በር ገብቶ ነው።

አሁን ወዳንተ። ዝምታህን አትቀይር፣ ስድቡን ግን ዝም ብለህ አትዋጥ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለህ ጻፍ። ከዚያ ለአለቃህ በጽሑፍ አስታውቅ። በዘርህ ወይም በመጣህበት አገር ምክንያት በሥራ ቦታ ማዋከብ በኦንታሪዮ ሕግ የተከለከለ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቃጥያለሁ።

ምላሽ ከስቶክሆልም፦

ጋሼ፣ ታሪኩን ስላነሣኸው ደስ ብሎኛል። እኔ መጀመሪያ ያረፍኩት ሰሜን ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ሳምንታት የሚያልፉበት አገር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሳልሚንግ ብቻውን አልሄደም። ኢንገ ሃማርስትሮም የሚባል የብሪኔስ ጓደኛው አብሮት ነበር። እሱም ጎል የሚያገባ ጎበዝ ነው፣ ጠባዩ ግን ለስለስ ያለ። የክለቡ ባለቤት ሃሮልድ ባላርድ «ኪሱ ውስጥ ስድስት እንቁላል ይዞ ወደ ጥግ ቢገባ አንዱም አይሰበርም» እያለ፣ ግጭት ይሸሻል ለማለት፣ በአደባባይ አፊዞበታል። በ1977 ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛወረ፣ ከዚያ አገሩ ተመለሰ።

ሰው ይህንን አይናገርም። ሁሉም ሳልሚንግን አይሆንም። ሃማርስትሮም ፈሪ አልነበረም፣ የመራ ቦታ ገጥሞት ነው። በኋላ ለዚያው ለፊላዴልፊያ ተጫዋች መልማይ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ መጋዘኑ ካልተስተካከለ ሌላ ሥራ ፈልግ። መልቀቅ ሽንፈት አይደለም። ብቻህንም አትሁን፣ ማታ ደውለህ የምታወራው ሰው ይኑርህ።

ምላሽ ከቶሮንቶ፦

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ሃማርስትሮምን መዝለል አልነበረብኝም።

ሳልሚንግ በ2022 አካልን ቀስ በቀስ የሚያደክም የነርቭ በሽታ ያዘው። ኅዳር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቶሮንቶ መጣ። መናገር አይችልም ነበር። የድሮ ጓደኛው ዳሪል ሲትለር በአንድ በኩል፣ ሱንዲን በሌላ በኩል ቆመው ሕዝቡ አጨበጨበ። ሲትለር እንባውን መያዝ አቃተው። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ በ71 ዓመቱ አረፈ።

ሐውልቱ ከስታዲየሙ ውጭ ነው፣ ከዩኒየን ጣቢያ በእግር ቅርብ። ወንድሜ፣ ቅዳሜ ከተመቸህ አብረን እንየው። ከዚያ ዳንፎርዝ ሄደን ቡና እንጠጣለን።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማስታወሻ ደብተር ገዝቻለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ።