ጥር ላይ እናቴን ይዤ ቼናይ ልሄድ ነው፣ ከፖንጋል በዓል ጋር ተጋጨብኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቱሉ ዲምቷ፦

ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እናቴን ለጉልበት ኦፕራሲዮን ደቡብ ሕንድ፣ ቼናይ ልወስዳት ነው። ቀጠሮ የተሰጠን ጥር 8 ነው፤ ትኬቱን ለጥር 5 ልቆርጥ እያሰብኩ ነበር። ትናንት አንዷ ጎረቤቴ ቡና ላይ "በዚያ ሳምንት እኮ ፖንጋል የሚሉት በዓል አላቸው፣ ከተማው ጭር ነው የሚለው፣ ሐኪም እንኳ አታገኙም" አለችኝና ሐሳቤ ሁሉ ተበታተነ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ደስ አላት። በዓላቸውንም አያለሁ ትላለች። ለእሷ ደግሞ ሕንድ ማለት ሐዋርያው ቶማስ የሰበከበት አገር ነው፣ መቃብሩን ሳልሳለም አልመለስም ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ደስታዋን ማጨናገፍ አልፈልግም። ግን ከዚህ ሰፈር ወጥታ ቃሊቲ እስክትደርስ እንኳ ጉልበቷን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ግፊያ ውስጥ ይዣት መግባት ያስፈራኛል።

ቀኑን ላዘግየው ወይስ ይሁን? ምን ብታይ ይሻላል፣ ምንስ ይቅርባት? ረቡዕና ዓርብስ እዚያ ምን ትበላለች? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ጨርቅ ነጋዴ፣ ለገጣፎ፦

እህቴ፣ ጉዞውን አታዘግዪ። የሚገፋው ቀጠሮው ነው።

ፖንጋል የአንድ ቀን በዓል አይደለም፣ አራት ቀን ይዘልቃል። የመከር በዓል ነው። ዋዜማው ቦጊ ይባላል፣ በእኛ ጥር 5 ገደማ ይውላል። ጥር 6 ዋናው ቀን ነው። ማግስቱ ማቱ ፖንጋል፣ የከብቶች ቀን ነው። አራተኛው ካኑም ፖንጋል ሲሆን ሰው ሁሉ ዘመድ ሊጠይቅና ሊዝናና የሚወጣበት ነው። አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የእናትሽ ቀጠሮ በዓሉ መሐል ወድቋል ማለት ነው። ድንገተኛ ክፍል መቼም አይዘጋም፣ ተመላላሽ ሕክምና ግን በበዓል ይሳሳል። ለሐኪም ቤቱ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊና ሐኪሙ ራሱ በዚያ ቀን ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። "ኑ፣ ችግር የለም" የሚል የስልክ መልስ አይበቃም። ከጥር 10 በኋላ ቢያደርጉልሽ ሁለቱንም ታገኚዋለሽ፣ በዓሉንም ሐኪሙንም።

ጎረቤትሽ ያለችው እውነት አለው። ቼናይ ሠርቶ የሚኖረው ሰው በፖንጋል ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። የባቡር ትኬት ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፣ ለዚህ ሳምንት የሆነው ግን በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ከቼናይ ወጥቼ ማዱራይ ምናምን ደርሼ ልምጣ አትበይ። ኮርማ የሚያዝበትን ጃሊካቱን ለማየት ወደዚያ የሚሄድ ብዙ ነው። በየዓመቱ ሰው የሚጎዳበት ጨዋታ ነው፣ ለእናትሽ አይሆንም፣ ይለፋችሁ።

ሌላው ነገር ጭሱ ነው። በቦጊ ንጋት በየደጁ አሮጌ ምንጣፍ፣ ያለቀ ልብስ፣ የተሰበረ እንጨት አውጥተው ያቃጥላሉ። ጭሱ ከጥር ጉም ጋር ሲገናኝ እይታ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቼናይ አየር ማረፊያ በረራዎች በዚሁ ተስተጓጉለው ነበር። ስለዚህ ጥር 5 ንጋት ላይ የሚያርፍ በረራ አትቁረጪ። ጥር 3 ወይም 4 ገብታችሁ፣ የቦጊን ጠዋት መስኮት ዘግታችሁ ብታርፉ ይሻላል። በተለይ አስም ካለባቸው።

ዋናው ቀን ግን እንዳያመልጣችሁ! ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ግፊያም የለውም፣ የሚከበረው እቤት ደጅ ላይ ነው። በጠዋት ማይላፖር ወይም ያረፋችሁበት ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሴቶቹ ደጃቸውን ጠርገው ውኃ ይረጩና ኮላም ይሠራሉ። የሩዝ ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እያንጠባጠቡ መጀመሪያ ነጥብ በነጥብ ይደረድራሉ፣ ከዚያ አጎንብሰው በነጥቦቹ ዙሪያ አንድ ወጥ መስመር ያዞራሉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። በፖንጋል ደግሞ ቀለም ስለሚጨምሩበት መንገዱ ሁሉ ያምራል። አጠገቡ ማገዶ ላይ ድስት ይጣዳል፣ አንገቱ ላይ እርጥብ እርድ ከነቅጠሉ ይታሰራል። አዲስ ሩዝ በወተትና በጥቁር የሸንኮራ ስኳር ይቀቀላል። ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ቤተሰቡ በሙሉ "ፖንጋሎ ፖንጋል!" ብሎ ይጮኻል፣ መገንፈሉ ነው የሚፈለገው። ቆማችሁ ስታዩ ከጠሯችሁ ግቡ። ጫማ አውልቁ፣ የሚሰጧችሁን በቀኝ እጅ ተቀበሉ። ኮላሙን ብቻ እንዳትረግጡ።

በካኑም ፖንጋል ማሪና ባሕር ዳርቻ እንዳትሄዱ። የከተማው ሰው በሙሉ እዚያ ነው። በሌላ ቀን ማታ ማታ ሂዱ፣ ግን ውኃው ውስጥ አይገባም፣ የሚጎትት ማዕበል ስላለው መዋኘት ክልክል ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ሰበታ፦

ልጄ፣ እናትሽ ያሰቡት መልካም ነገር ነው፣ አስፈጽሚላቸው። በቼናይ ከሐዋርያው ጋር የተያያዙ ሁለት ትልልቅ ቦታዎች አሉ። አንዱ ማይላፖር ያለው ሳን ቶሜ ባዚሊካ ነው። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፣ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለው። ለጉልበታቸው ስትይ ከመሄዳችሁ በፊት በየት በኩል እንደሚቀል ጠይቂ፣ ሲወርዱም ደግፊያቸው። ሁለተኛው ሰማዕትነት ተቀበለበት የሚባለው የቅዱስ ቶማስ ተራራ ነው፣ አየር ማረፊያው አካባቢ። ብዙ ደረጃ አለው ብለሽ አትፍሪ፣ መኪና እላይ ድረስ የሚወጣበት መንገድ አለ።

ቶማስ እ.ኤ.አ. በ52 ገደማ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በኬረላ ጠረፍ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ72 ገደማ ማይላፖር ላይ በጦር ተወግቶ ሞተ የሚለው የሕንድ ክርስቲያኖች ትውፊት ነው። እኛም ግንቦት 26 ቀን በስንክሳራችን እናስበዋለን። ባዚሊካው የካቶሊክ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ መሳለም ለማንም አይከለከልም። ማስቀደስ ከፈለጉ ግን የሕንዶቹ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ቼናይም ውስጥ አሉ። ከእኛ ጋር በእምነት አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ እነሱም ተካፍለዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጥምቀትን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 6 ነው፣ ለእኛ ታኅሣሥ 28 መሆኑ ነው። ጥር 11 ቀን ታቦት ይወጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

እኔ ሒሳብ የተማርኩት ከኬረላ በመጡ መምህር ነው። የእኔ ዘመን ተማሪ ብዙው እንደዚሁ ነው። ከኬረላ የመጣ ሰው እዚያ ብታገኙ ከኢትዮጵያ መሆናችሁን ንገሩት፣ ወይ አጎቱ ወይ አክስቱ እዚህ አስተምረው ሊሆን ይችላል።

ነርስ፣ ኮዬ ፈጬ፦

ሌላው ሁሉ ሳይጀመር የቢጫ ወባ ክትባት! ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፣ ክትባቱ ደግሞ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተሰጠ መሆን አለበት። ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ለእናትሽ ዕድሜ ግን ክትባቱ ዝም ብሎ አይወሰድም። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ወይም ሌላ በሽታ ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክሪ፣ መከተብ የለባቸውም ከተባለ የሐኪም ማስረጃ ይጻፍላችሁ።

ቪዛው የሕክምና ይሁን። ለአንድ ታማሚ እስከ ሁለት አስታማሚ በአስታማሚ ቪዛ መሄድ ይችላል፣ አንቺ በዚያ ግቢ።

የምታዩትን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እዩ። ከጉልበት ኦፕራሲዮን በኋላ ደም የመርጋት አደጋ ስላለ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አውሮፕላን አይወጣም፣ ፊዚዮቴራፒውም ጊዜ ይወስዳል። የመመለሻ ትኬቱን ቀን የሚቀየር አድርጊው።

ስለ ጾሙ፦ ደቡብ ሕንድ ሥጋ የማይነካ ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፣ ግን "ቬጅ" ማለት ጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ እርጎና ንጥር ቅቤ ይገባበታል። ስታዝዢ ሦስቱንም እየጠራሽ "አይግባ" በይ። ኢድሊ በሩዝና በጥቁር ምስር ይቦካል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከሳምባር ወጥ ጋር እናትሽ ይወዱታል። ዶሳ የሚሉት ስስ ቂጣም ጥሩ ነው፣ ቅቤ ሳይቀባ በዘይት ይሁን ካልሽ። የፖንጋል ዕለት የሚሰጠው ጣፋጭ ሩዝ ወተትም ቅቤም አለው፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ እወቂው።

ሱሉልታዬ፦

ለእናትየው ጥር ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ቼናይ በጥር ነው አየሯ ለሰው የሚመቸው፣ ከሚያዝያ በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ግን ይህን የምታነቡና ለሽርሽር የምትሄዱ ካላችሁ የእኔ ምርጫ ፖንጋል አይደለም፣ ኦናም ነው! ኬረላ ውስጥ፣ ነሐሴና መስከረም አካባቢ። ዐሥር ቀን ሙሉ በየደጁ በአበባ ቅጠል የተሠራ ምንጣፍ እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻው ቀን ሳድያ የሚባለው ግብዣ በሙዝ ቅጠል ይቀርባል። ሥጋ የለውም፣ ከሃያ የሚበልጥ ዓይነት ወጥና ማባያ ይደረደራል፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ እኛ ደግሞ ለዚህ ማንም አያስተምረንም። ዝናብ ግን አለ፣ ጃንጥላ ያዙ።

የጀልባ ውድድሩም በዚያው ሰሞን ነው። አላፑዛ ላይ የሚካሄደው የኔህሩ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1952 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ከተደረገላቸው ውድድር የተነሣ ነው። አንዱ ጀልባ ላይ መቶ ሰው ገደማ ተደርድሮ በዘፈን ምት ይቀዝፋል። ትሪሹር ላይ በሚያዝያና ግንቦት መሐል የሚከበረው ፑራምም አለ፣ የተሸለሙ ዝሆኖች ተሰልፈው ላያቸው ላይ ያሉት ሰዎች ባለቀለም ጃንጥላ ይለዋወጣሉ። ያምራል፣ ግን ሙቀቱ፣ ሕዝቡና ርችቱ ከባድ ነው። ልጅ ይዛችሁ ዝሆን አጠገብ አትቁሙ።

የቱሉ ዲምቷ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁም። ለሐኪም ቤቱ ጽፌያለሁ፣ ጥር 12 እንዲያደርጉት ጠይቄያለሁ። መምህር፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት፣ መርቃዎታለች። የክትባቱን ነገር ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ ነገ ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ቀን ከከተማ እንውጣ ብንል የት ይሻላል? ገንዘብና መኪናስ እንዴት ነው?

ጨርቅ ነጋዴ፣ ለገጣፎ፦

ማማላፑራም ውሰጃቸው። ከቼናይ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ መንገዱ በባሕሩ ዳር ነው የሚሄደው። ከአንድ አለት ተፈልፍለው የወጡ ቤተ መቅደሶች አሉ፣ ከ1300 ዓመት በፊት ገደማ የተሠሩ። ላሊበላን የሳመ ሰው እዚያ ሲቆም ሌላ ስሜት ነው ያለው። በጠዋት ድረሱ፣ ከቀትር በፊት ውጡ፣ አለቱ ይፈጃል። መኪና ለሙሉ ቀን ተከራዩና ሹፌሩ መግቢያው ድረስ ያቅርባችሁ። ካኑም ፖንጋል ዕለት ግን እዚያም አይሞከርም፣ ማሪና ያልሄደው ሰው እዚያ ነው ያለው።

ብር እዚያ አይመነዘርም፣ ዶላር ይዘሽ በሕጋዊ መመንዘሪያ ቀይሪ፣ ደረሰኙንም ያዢ። እዚያ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው። የአገሩ የባንክ ሒሳብ ለሌለው ያስቸግራል፣ ስለዚህ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅሽ አይጥፋ። ባጃጁን ኦቶ ነው የሚሉት። ሳትሳፈሪ ዋጋ ተስማሚ፣ ወይ በስልክ መተግበሪያ ጥሪ። ሲም ካርድ ለማውጣት የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ ፎቶም ይጠይቁሻል፣ ኮፒውን እዚሁ አብዢው።

ማረፊያችሁ ማእድ ቤት ያለው ይሁን። ሐኪም ቤቶቹ አካባቢ ለታማሚ ቤተሰብ የሚከራይ ሞልቷል፣ ግን ጥር 6 እና 7 አስቤዛ ለመግዛት ብትወጪ ሱቁ ብዙው ዝግ ነው፣ ጥር 4 ሸምቺ። ሽሮና በርበሬ በደንብ አሽገሽ ያዢ። ቡናም ተቆልቶ የተፈጨ ያዢላቸው። የእነሱ ቡና ወተት የበዛበት ነው፣ ቤት ውስጥ እንቆላለን ብትሉ ደግሞ የጭስ ደወሉ ይጮኽባችኋል።