ዩንደ በምትባል የጀርመን መንደር ቤት አገኘን፤ አድራሻ የምናስመዘግበው የት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ጎቲንገን ከተማ ሥራ ቢያገኝም የከተማውን የቤት ኪራይ ስላልቻልነው፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዩንደ ቤት አግኝተናል። ስለ መንደሪቱ የተጻፈው አጭር መግለጫ ዩንደ ራሷን የቻለች «ገማይንደ» ናት ይልና ወረድ ብሎ የ«ዛምትገማይንደ ድራንስፌልድ» አባል፣ ቀጥሎም በጎቲንገን «ላንድክራይስ» ሥር ያለች ያደርጋታል። እኔ የትኛው ቢሮ ነው የምሄደው? በኪራይ ማስታወቂያው ላይ ማሞቂያው «ናህቬርመ» ነው መባሉስ ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያ መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዩንደ «ገማይንደ»፣ ማለትም ራሱን የቻለ የአካባቢ አስተዳደር ስለሆነች የራሷ ምክር ቤትና ከንቲባ አላት፤ ከንቲባው ግን ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው፣ ደመወዝ ሳይሆን መጠነኛ አበል እየተቀበለ የሚያገለግል ሰው ነው። እኔ እንዲህ ባለ መንደር በገባሁበት ሳምንት ፓስፖርቴን ይዤ ከንቲባው ቤት ሄጄ፣ ቡና ተጋብዤ ሳልመዘገብ ተመልሻለሁ። የጽሕፈት ሥራውን የሚሠራው ዛምትገማይንደው ነው፤ ይህም የድራንስፌልድ ከተማ፣ ቢዩረን፣ ዩንደ፣ ኒሜታልና ሼደን አስተዳደራቸውን በጋራ የሚያካሂዱበት ማኅበር ስለሆነ፣ የምትሄጂው ድራንስፌልድ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ውሉን ከፈረማችሁበት ቀን ሳይሆን ቤቱ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቤቱ መግባታችሁን የሚገልጸውን፣ አከራዩ ፈርሞ የሚሰጣችሁን «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» የሚባለውን ማረጋገጫ አትርሺ፤ የኪራይ ውሉ እሱን አይተካም። ላንድክራይሱ፣ ማለትም ከእነዚህ በላይ ያለው የወረዳ አስተዳደር፣ የሚያስፈልጋችሁ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመኪና ታርጋና ለቆሻሻ አወጋገድ ነው።

ሁለተኛ መልስ፦ ስለ ማሞቂያው ልጨምር። «ናህቬርመ» ማለት ከአንድ ማዕከል በቧንቧ ለአካባቢው ቤቶች የሚከፋፈል ሙቀት ነው። ዩንደ የምትታወቀው በዚሁ ነው፤ ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በተሠራ ፕሮጀክት በጀርመን የመጀመሪያዋ የባዮኢነርጂ መንደር (ኃይሏን ከዕፅዋትና ከፍግ የምታገኝ) ለመሆን በቅታለች። ከ2005 ጀምሮ (በእነርሱ አቆጣጠር ነው) ከከብቶች ፍግና ለዚሁ ከሚዘራ ሰብል ጋዝ እየወጣ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ የሚተርፈው ሙቀት ውኃ ያሞቃል፣ ውኃውም ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ቤት ለቤት ይደርሳል። ብርዱ ሲበረታ በእንጨት ፍርካሽ የሚሠራ ምድጃ ያግዘዋል። ስለዚህ ምድር ቤት ወርደሽ ቦይለር ብታጪ አትደናገጪ፤ ይልቅ የሙቀቱ ሂሳብ በኪራዩ ውስጥ መካተቱን ወይም ለብቻው መምጣቱን አከራዩን በጽሑፍ ጠይቂው።

ሦስተኛ መልስ፦ ባለቤትሽ መኪና ከሌለው፣ ከመፈረማችሁ በፊት የአውቶቡሱን የጊዜ ሰሌዳ እዩ። በገጠር ሰሌዳዎች ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «ኤስ» የሚል ፊደል ካለ፣ ብዙ ጊዜ አውቶቡሱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይመጣም ማለት ነው። የባለቤትሽ ሥራ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ የእሑድና የማታውን ለይታችሁ ተመልከቱ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰሌዳውን አሁን አየሁት፤ የጠዋቱ አውቶቡስ እንዳላችሁት «ኤስ» አለበት። ባለቤቴ የሥራ ባልደረባው በመኪና ያደርሰው እንደሆነ ሊጠይቅ ነው፤ እኔም ለአከራዩ ስለ ማረጋገጫውና ስለ ሙቀቱ ሂሳብ ዛሬ ማታ እጽፍለታለሁ።