የሳር ማጨጃዬ ትራክተር ቺንጋ እየበላ አስቸገረኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የማናሳሱ፦

ሰላም ወገኖች፣ ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት የሳር ማጨጃ ያላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። የእኔ በፈረንጅ 2006 የተሠራ ነው። ቤቱን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ጋራዥ ውስጥ ትቶልን ሄደ። ግቢው አንድ ኤከር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ በእጅ በሚገፋው ልጨድ ካልኩ ቅዳሜዬ አለቀች ማለት ነው።

ችግሩ ከሥር ያለው የምላጮቹ ቤት ነው፣ እነሱ ዴክ የሚሉት። 42 ኢንች ነው፣ ሁለት ምላጭ አለው። ግንቦት ላይ ቺንጋው፣ ሞተሩ ምላጮቹን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ዕድሜው ነው ብዬ የተበጠሰውን ለክቼ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ተመሳሳዩን ገዛሁ። ሁለት ጊዜ አጨድኩበት። በሦስተኛው ገና ከጋራዡ ብዙም ሳልርቅ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ይጨሳል። ሳወጣው ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ክሩም ተተልትሏል።

አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ ናቸው። በረንዳ ላይ ሆነው ያዩኛል። «ይኼን የመሰለ ሳር አጭዳችሁ ልትጥሉት ነው?» ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። አሁን ሳሩ ጉልበት ሊደርስ ሲል «ሁለት በግ ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ሳሩ ረዘመ ብሎ ደብዳቤ ልኮብኛል።

ኦሪጅናሉን ቺንጋ ልግዛ ወይስ ሌላ የሚበላው ነገር አለ? ደግሞ ይኼ ዴክ እንዴት ነው የሚወጣው? ያለፈውን በጀርባዬ ተኝቼ እዚያው ከሥሩ ነው የገጠምኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ጣቴም ተላጠ።

ዳላስ ነኝ፦

ሽጠው ወንድሜ። የ2006 ማሽን ከቀበሌ ጉዳይ አይተናነስም፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላ ይመጣል።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦

አትሽጠው። ቺንጋውም ጥፋተኛ አይመስለኝም። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። ቺንጋ ሲሸት አዲስ ከመግዛቱ በፊት «የቱ ነው አልዞር ያለው?» ብሎ እያንዳንዱን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መዘውር፣ በእጁ ይሞክር ነበር። ያንተም ያው ነው። ሞተሩ ይጎትታል፣ አንድ ቦታ ደግሞ የሚይዝ ነገር አለ፤ ቺንጋው መሃል ላይ ይንሸራተትና ይግላል። ጎኑ ያብለጨለጨው ለዚያ ነው።

ሁለተኛ ነገር፣ የተበጠሰውን ለክተህ ነው የገዛኸው። ያረጀ ቺንጋ እኮ ተለጥጧል! በእሱ ልክ የተገዛው ረዝሞብህ ላልቶም ሊሆን ይችላል። የሞዴሉ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ሥር ተለጥፏል፣ በዚያ ፈልግ። ቺንጋው ላይ 4ኤል950 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ካየህ 4ኤል የሚለው ስፋቱ ግማሽ ኢንች ነው ማለት ነው፤ 950 ደግሞ ዙሪያው በውጭ በኩል 95 ኢንች። ለማጨጃ የሚሠራው ውስጡ የኬቭላር ክር አለው። ምላጩ መዞር በጀመረ ቁጥር የሚመጣውን መጎተት የሚችለው እሱ ነው፤ ተራው ልኩ ቢገጥምም ቶሎ ይሞታል።

አወጣጡ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት ቁልፉን ንቀል፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅለህ ከካንዴላው አርቀው። ይህን ሳታደርግ እጅህን ከሥር እንዳትሰድ፣ አደራ። ደልዳላ ቦታ አቁመህ የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የከፍታ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው። ያኔ ዴኩ መሬት ላይ ይተኛል፣ ዴኩን ያንጠለጠሉት ክንዶችም ሸክማቸው ይቀላል። ክንዶቹ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር መርፌ የታጠፉ ሽቦዎች አሉ፣ በፒንሳ ሳብ ስታደርጋቸው ይወጣሉ። ተስፈንጥረው ሳር ውስጥ ከገቡ አታገኛቸውምና ካርቶን አንጥፍ። የፊት ማንጠልጠያውንና ምላጩን የሚያስነሣውን ገመድ ፍታ፤ ከዚያ በጎን ጎትተህ ታወጣዋለህ።

ከወጣ በኋላ የሽፋኖቹን ብሎን ፈትተህ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅህ አሽከርክር። ጆሮህን አስጠጋ። ደህና ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ዝም ብሎ ነው የሚዞረው። አሸዋ እንደሚያኝክ ካንቋረረ ወይም ወዲያው ቀጥ ካለ አገኘኸው። ቺንጋውን የምትወጥረዋን ትንሿን ፑሊና ሞላዋንም አትርሳ።

ባለቤቱ፣ አትላንታ፦

ወንዶቹ ረስታችሁት ነው እንጂ ፑሊዎቹ አጠገብ ቺንጋው እንዳይዘል የሚጠብቁ ሽቦዎች አሉ። የእኛ ቤት ጌታ ቺንጋውን በእነሱ ውጭ አሳልፎት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ማሽኑን ሲራገም ዋለ። እኔ ነኝ ከመመሪያ መጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያይቼ ያገኘሁት። ሽቦው ለፑሊው ቀረብ ይበል፣ ቺንጋውን ግን አይንካ። ደግሞ በካቻቢቴ አታስገድደው፤ ክሩ ከውስጥ ይጎዳል። የወጣሪዋን ብሎን ላላ አድርጋት፣ ራሱ ይገባል።

የማናሳሱ፦

ተገኘ! የግራው ምላጭ ዘንግ ነው። አማቴ ባትሪ ይዘውልኝ ነበር። ቀኙን በጣታቸው አሽከረከሩት፣ ዞረ። ወጣሪዋም ዞረች። ግራውን ሲነኩት ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። «ይቺ ናት የታመመችው» ብለው ባትሪውን እኔን ሳይጠይቁ አጠፉት። ሽፋኑ ሥር የደረቀ ሳር እንደ ትራስ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ኩሽኔታው ያለ ግራሶ ዝጎ ቀርቷል።

የምላጩ ብሎን ግን አላሳዝነው ብዬ ነው መሰለኝ እምቢ አለ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼበት አሳደርኩት። ጠዋት ምላጩ እንዳይዞር እንጨት ወሽቄ በረጅም መፍቻ ስጫነው ጯ አለና ተፈታ። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ቁጥራቸው 6203 ነው፤ የትም ይገኛል። አዲሶቹን ቀዝቅዘው እንዲኮማተሩ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳቸው። ባለቤቴ ከጎመኑ አጠገብ አግኝታ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም። ግን ብዙ ሳልደበድባቸው ገቡ።

ቺንጋውን በሞዴሉ ቁጥር አዘዝኩ። ከቀድሞው ጋር ሳስተያየው ወደ ሁለት ኢንች ያጥራል፤ የወፍጮ ቤት ልጅ፣ አንተ ነቢይ ነህ! ሽቦዎቹንም አይቻለሁ እህቴ፣ አንዱ ታጥፎ ፑሊውን ይነካ ነበር። ዴኩን ስመልስ ከፊት ሩብ ኢንች ያህል ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው። አራተኛ እጨዳዬ ነው፣ ሽታ የለም፣ ጭስ የለም።

አሁን ሌላ ጉዳይ ገጥሞኛል። ያ ጉልበት የደረሰው ሳር ሲታጨድ አማቴ በመሰቅሰቂያ ሰብስበው ከጋራዡ ጀርባ ክምር ከመሩት፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ልክ እንደ አገር ቤቱ። ማናሳስ አካባቢ በግ ወይም ፍየል የሚያረባ ካለ ይጻፍልኝ። ምንም መድኃኒት አልተረጨበትም፣ በነጻ ነው። ማኅበሩ ሳያየው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።