ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሴቶች አጠገባችን ናቸው፤ ከፓስታና ከብርድ ልብስ ሌላ ምን እናድርግላቸው?

ጠያቂ (የአዳማ ልጅ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዋሽ ሞልቶ ከቤታቸው ያስወጣቸው ሰዎች ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተጠልለዋል። ክረምት ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ትናንት ሲቆጠሩ 640 ሰው ሆነዋል። እኛ የሰፈር ልጆች ብር አዋጥተን ፓስታ፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስና ልብስ ይዘን ሄድን።

ልብስ ስናከፋፍል አንዲት ሴት ወረፋ ይዛ ቆየችና ተራዋ ሲደርስ ምንም ሳትወስድ ሄደች። ከእኛ ጋር ያለች ልጅ ተከትላ ጠየቀቻት። ለካ የወር አበባዋ መጥቶባት ኖሯል። ቀሚሷን ከኋላ በነጠላ ሸፍና ነው የቆመችው። እኛ ደግሞ አንድም ሞዴስ አልያዝንም። እህቶች አሉኝ፤ ግን እዚያ እስክደርስ ድረስ ይሄ ነገር ጭራሽ በሐሳቤ አልመጣም። ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ።

40 ሺህ ብር ቀርቶናል። ለሴቶቹና ለወጣቶቹ ምን ብንገዛበት ይሻላል? ሁለተኛ፣ እርጉዞች አሉ፤ አንዷ ወሯ ገብቷል ይላሉ። በሌሊት ምጥ ቢይዛት ምን እናደርጋለን? ሦስተኛው የከበደኝ ነው። አንዲት ልጅ ከትናንት ወዲያ ማታ ሽንት ቤት ስትሄድ አንድ ሰው በግድ እንደደፈራት ለአንዷ በጎ ፈቃደኛችን ነግራታለች። ለሌላ ሰው አልተናገረችም። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸዋል።

አዋላጇ

ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር። እሱ ጊዜ አይሰጥም። ከትናንት ወዲያ ማታ ከሆነ አሁን ወደ 36 ሰዓት ሆኗታል ማለት ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝና የሚከላከለው ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ግን በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ነገ አትበሉ። ዛሬ፣ አሁን።

የነገረቻት ልጅ ራሷ ይዛት ትሂድ። ሌላ አጃቢ አያስፈልግም። አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ቦታ የሚቀበል ማዕከል አለ። ካልታጠበች አትታጠብ። ያን ቀን የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ታጥባም ከሆነ ምንም አይደል፣ ትሂድ። ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት አይጠብቅም። መክሰስ ከፈለገች እዚያው ያግዟታል።

«ማን ነው? ለምን ብቻሽን ወጣሽ? ለምን አልጮህሽም?» ብሎ ማንም እንዳይጠይቃት። «አምኜሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ይበቃታል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የትምህርት ቤቱን ስም ጽፈሃል። እባክህ አጥፋው። 640 ሰው ባለበት ግቢ ማን እንደሆነች ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ጠያቂ

አጥፍቼዋለሁ ሲስተር። እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ አሁን ባጃጅ ይዘው እየወጡ ነው።

የሕግ ባለሙያ

ጥሩ አድርጋችኋል። አጭር ነገር ልጨምር። አያድርገውና እርግዝና ቢፈጠር፣ በ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር የመጣ እርግዝና በሕክምና ተቋም ሊቋረጥ ይችላል። አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ፣ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ አይባልም። ይህን ባለማወቅ ስንት ልጅ ጓዳ ውስጥ ሕይወቷን አጥታለች። ምርጫው የእሷ ነው፤ ግን ምርጫ እንዳላት ትወቅ።

የሁለት ልጆች እናት

ጥያቄህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ በ2010 ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው አዳማ ከገቡት አንዷ ነኝ። ስመጣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ያረፍነው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሽማግሌውም ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚተኛው። ሰዉ መልካም ነበር፣ እግዜር ይስጠው። እንጀራ መጣልን፣ ልብስ መጣልን። ግን ማንም ቀርቦ «አንቺስ ምን ቸገረሽ?» አላለኝም።

ምጥ የመጣብኝ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መኪና ሲፈለግ ልጁ ደረሰ። ሴቶቹ ተነሱና ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ይዘው ዙሪያዬን ቆሙ። ያ ነበር ግድግዳዬ። የአንዷ እጅ ሲዝልና ነጠላው ዝቅ ሲል ሌላዋ «ቀና አርጊው፣ ሰው ያያታል!» ትላለች። ያቺ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። እትብቱን ያሰሩት ከነጠላ ጥለት በተመዘዘ ክር ነው። ልጄ ተረፈ። ከእኔ በፊት የወለደችዋ ግን ልጇ አልተረፈም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። መጀመሪያ መጋረጃ ግዙ። አንድ ክፍል ለእርጉዝና ለአራስ ብቻ አስለቅቁ። ሁለተኛ፣ ሞዴስና ፓንት ወረፋ ላይ አታድሉ። ወንድ ቆሞ እያየ ማንም እጇን አትዘረጋም። ሴት ለሴት፣ ክፍል ውስጥ፣ በማያሳይ ከረጢት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ አራስ ፓስታ ይዛ ምን ታደርጋለች? አጥሚት ትፈልጋለች፣ ገንፎ ትፈልጋለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ትፈልጋለች።

አዋላጇ

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። የነጠላው ክር ነገር ልቤን ነካው። የ10 ብር ክርና ምላጭ የጠፋበት ሌሊት ነው።

በእንዲህ ያለ ችግር ጊዜ የእርጉዞችና የሴቶች ሕክምና መጀመር ያለበት በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። «መጀመሪያ ይብሉ፣ የሴቶቹ ነገር ይደርሳል» ይባላል። አይደርስም። ምጥ ቀጠሮ አይዝም። የፈንታሌ መሬት በ2017 ታኅሣሥና ጥር ሲንቀጠቀጥ ቤታቸውን ጥለው ከወጡት መካከልም እርጉዝና አራስ ነበሩ። ችግሩ ይለያያል እንጂ የሴቶቹ ጥያቄ አንድ ነው።

በእጅህ ዝርዝር ባይኖር እንዲህ ገምት። ከተፈናቃይ ሩብ ያህሉ ልጅ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ከ640 ሰው ወደ 160 ሴት ማለት ነው። አሁን 20 ገደማ እርጉዞች ይኖራሉ፤ በወር ሁለት ያህል ይወልዳሉ። ከ20ዎቹ ሦስቱን የሚያሰጋ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። የትኞቹ ሦስቱ እንደሆኑ ግን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ሁሉም መመዝገብ ያለባቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ፈልጋችሁ አብራችሁ መዝግቡ፤ ለብቻችሁ አትሩጡ።

ወሯ የገባችዋን ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። ዛሬ ጠይቁና እዚያ ትግባ። ለቀሩት፣ ሆዳቸው ገፍቶ ለሚታዩት ሁሉ፣ የወሊድ ከረጢት አዘጋጁ። ንጹሕ ላስቲክ፣ ሳሙና፣ ጓንት፣ ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ፣ እትብት ማሰሪያ ሁለት ክር፣ ልጁን ማድረቂያና መጠቅለያ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ። ይሄ ጤና ጣቢያን አይተካም። መንገድ ላይ ብትወልድ ግን ሕይወት ነው።

ልጁ እንደተወለደ ይደረቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ለ24 ሰዓት አይታጠብ። ቅቤ አይቅመስ። እትብቱ ላይ ቅቤም፣ አመድም፣ ምንም አይደረግ።

የሚከተለውን ለሴቶቹም ለባሎቻቸውም ንገሩ። ደም፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ «እስኪነጋ» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የባጃጅ ሹፌር

ከላይ ስለ ሌሊቱ ተነስቷል። አዳማ ነው የምሠራው። አምቡላንስ ሌላ ቦታ ከሆነ የምትደውሉለት ሰው ያስፈልጋችኋል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ስልካችንን ለጠያቂው በውስጥ እንሰጣለን። ተራ እንይዛለን። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ ስልክ ባትሪ ይዘጋል። አንድ ነገር ብቻ፣ ከእርጉዟ ጋር አንዲት ሴት ትምጣ። ብቻዬን አልወስድም፣ መንገድ ላይ ብትወልድ አልችልም።

ፋርማሲስቱ

መድኃኒት ገዝታችሁ አታከፋፍሉ። ልብ በሉ፣ ማህፀን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በአዳማ ሙቀት ሻንጣ ውስጥ የዋለ ኦክሲቶሲን ደም አያቆምም። እሱን ለጤና ጣቢያው ተዉት።

እናንተ ልትሠሩት የምትችሉት ሌላ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ክኒኑን ይዞ አይሮጥም። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ ሴት ቀኗ ሊያልፍ ይችላል። እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም መርፌዋን መውሰድ ትችላለች፤ ግን ሄዳ ትጠይቅ። ክንድ ላይ የተቀበረ ያላቸውም ጊዜው መድረሱን ያረጋግጡ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም ይኖራሉ፤ ከእነሱ መካከል እርጉዝም፣ የምታጠባም። ካርዳቸው ውኃ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ካርድ ባይኖርም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ኤአርቲ ክፍል ሄደው ይናገሩ፤ አንድ ቀን እንዳያልፍባቸው። ይሄን በማይክራፎን አትንገሩ፣ አደራ! «ማንኛውንም የቋሚ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳርም ግፊትም ሌላም፣ ነርሷ ጠዋት እዚህ ክፍል አለች» በሉ። የሚገባው ይገባዋል።

የዱቄት ወተት ለግሱ የሚሏችሁ ይመጣሉ። በደግነት ነው። ግን ንጹሕ ውኃ በሌለበት ጡጦ ሕፃን ይገድላል። ብሩን ለእናትየው ምግብ አውሉት፤ እሷ ከበላች ጡቷ አለ።

የወጣት ማዕከል በጎ ፈቃደኛ

ስለ ወጣቶቹ ልበል። የ16 ዓመቷ ልጅ እናቷ ባለችበት ስለ ወር አበባም ስለ ጓደኛም አትጠይቅም። ለሴት ልጆቹ ለብቻ፣ ለወንዶቹ ለብቻ ሰዓት ስጡ። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ልጆች ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ መፍቻ ካልሆነ አይወጣም። ወንዶቹን አትርሱ። እነሱም ይፈራሉ፣ እነሱም አያውቁም። ኮንዶም ሰው ፊት አይጠየቅም። ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ሰው ሳያይ የሚወሰድበት ቦታ አስቀምጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ሽንት ቤቱ። የሴቶቹ የሚለየው በጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ መንገዱ ላይ ሶላር መብራት፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ። ሞዴስ ስትገዙ ፓንት አብራችሁ ግዙ፤ ፓንት ከሌለ ሞዴስ ምን ላይ ይቀመጣል? ታጥቦ የሚያገለግለውን ለሚፈልጉም ስጡ፤ ግን ሳሙናና ውኃ መኖሩን እዩ። ገመድ ደግሞ ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይወጠር። እርጥብ ሆኖ ከለበሱት ያሳክካል፣ ያቆስላል።

ጠያቂ (ከአራት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጅቷ ያን ዕለት ሄዳለች፣ ታክማለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መቀርቀሪያ አምስት በር ላይ አስገባን። አንዱ የሰፈራችን አናጢ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ነው የሠራው። መብራቱ ሁለት ቦታ ተሰቀለ። ሞዴስና ፓንት ገዝተን ሴቶቹ ራሳቸው ለሁለት ሰዓት ክፍሉን ዘግተው ተከፋፈሉ፤ እኔ ውጭ ነው የቆምኩት። ወረፋውን ትታ የሄደችውን ሴት መውጫው ላይ አየኋት። ሰላም አለችኝ።

ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር የተመዘገቡት እርጉዞች 17 ናቸው፤ ሲስተር ግምትዎ ብዙም አልራቀም። ወሯ የገባችው ማቆያ ገባች። አንድ ክፍል ለአራስና ለእርጉዝ ተለቋል፤ መጋረጃው ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ነው።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ትናንት አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ወልዳ ተመለሰች። ትኩስ ነገር የሚያዘጋጅላት ሰው የለም። እኛ ደግሞ አጥሚት መሥራት አናውቅም።

የሁለት ልጆች እናት

ከነገ ጠዋት ጀምሮ እኔ አመጣለሁ። ዱቄቱ ቤቴ አለ። ትልቅ ቴርሞስ ብቻ ፈልጉልኝ።

የባጃጅ ሹፌር

ቴርሞስ እኔ ጋ አለ። አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድዎታለሁ እናቴ፣ ሰፈሩን በውስጥ ይላኩልኝ።