ዎርድል ጀማሪ ነኝ፣ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ (የድሬና የሐረር ልጆች ግቡ)

የሳቢያኗ፦
ሰላም ጀመዓው ሙቀቱ እንዴት አርጓችኋል። ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል ግን የምሬን ነው። ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየቀኑ አረንጓዴ ቢጫ ግራጫ ሳጥን ደርድራ ትልካለች፣ ምንድነው ስላት ዎርድል ነው ሞክሪው አለችኝ፣ ገባሁበት በቃ አሁን መውጣት አቃተኝ። አምስት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ያስገምታል፣ 6 ዕድል አለሽ፣ አረንጓዴ ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው፣ ቢጫ ፊደሉ አለ ቦታው ሌላ ነው፣ ግራጫ የለም። እሱ እሱ ገብቶኛል። ያልገባኝ መጀመሪያ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው? እኔ ዝም ብዬ ደስ ያለኝን ነው የምጽፈው፣ አንዳንዴ ሁለት ሶስት መስመር ሙሉ ግራጫ ይሆናል። ሌላ ደሞ አንድ ፊደል ሁለቴ ያለበት ቃል ስጽፍ አንዷን ቀለም ይሰጥና ሌላኛዋን ግራጫ ያረጋታል፣ ታዲያ ፊደሏ አለች ወይስ የለችም? ከአክስቴ ልጅ ጋር ደሞ መልሳችን የማይገጥምበት ጊዜ አለ። እኔ በሙቀቱ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ምናምን ላይ ነው የምጫወተው፣ ለኛ ሌላ ቃል ነው እንዴ የሚሰጡን? እና ደሞ እንግሊዝኛዬ ያው የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፣ ለዚህ ይበቃል ወይስ ራሴን እያደከምኩ ነው? በናታችሁ የምታውቁ።

ለገሀሬ_ልጅ፦
አቦ እንኳን ደህና መጣሽ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ እንግሊዝኛሽ ይበቃል ወላሂ ይበቃል። ጨዋታውን የሰራው ጆሽ ዋርድል የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ ከፍቅረኛው ጋር ቤት ውስጥ ሊጫወቱበት ነው የሰራው። አምስት ፊደል ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ 12 ሺህ ይሆናሉ፣ ብዙው ሰው ሰምቶት የማያውቅ ቃል ሞልቷል፣ እሷ ናት ቁጭ ብላ የምታውቃቸውን እየለየች ወደ 2,500 ያወረደቻቸው። ስለዚህ መልስ ሆኖ የሚመጣው ባብዛኛው ትምህርት ቤት ያየሽው ቃል ነው። ኦክቶበር 2021 ላይ ለሰው ለቀቀው፣ ኖቬምበር 1 የተጫወተው 90 ሰው ነበር፣ በሁለት ወር ከ300 ሺህ አለፈ፣ ጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው። አስቢው ለሁለት ሰው የተሰራ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቃልን በተመለከተ እኔ ሁሌም ስሌት ነው የምጽፈው፣ የጥቁር ሰሌዳውን ስሌት፣ ኤስ ኤል ኤ ቲ ኢ። ለምን ካልሽኝ መልሶቹ ውስጥ በብዛት የምትገኘው ኢ ናት፣ ከሷ ቀጥሎ ኤ፣ ከዛ አር ኦ ቲ ኤል እያለ ይሄዳል፣ በኤስ የሚጀምር መልስ ደሞ ከሁሉም ይበልጣል። በዚች ቃል መልሱን አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ታይዋን ገበያ ስትገቢ መጀመሪያ ባየሽው ሱቅ ብር አታወጪም አይደል፣ ዞር ዞር ብለሽ ዋጋ ታጣሪያለሽ፣ እንደዛ ነው። ሙሉ ግራጫ ከመጣ አትናደጂ አምስት ፊደል ጠራልሽ ማለት ነው፣ ቀጥለሽ ራውንድ በይ፣ አር ኦ ዩ ኤን ዲ፣ አንድም የተደገመ ፊደል የለም። በሁለት መስመር 10 ፊደል አየሽ። ጀማሪ የሚሸነፈው ግራጫ ያየውን ፊደል መልሶ መልሶ ሲጽፍ ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ጠቁሮ እየታየው እኮ!

ሸዋ_በር፦
ሐረር ነኝ። ለገሀሬ ያለው ልክ ነው ግን በየቀኑ በአንድ ቃል መጀመር እኔን ይደብረኛል፣ እኔ እንደ ስሜቴ ነው የምጀምረው። ብቻ አዲዩ በሚሉት፣ ኤ ዲ አይ ኢ ዩ፣ እንዳትሸወጂ፣ አናባቢ ስለበዛበት ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ ግን አናባቢዎቹን ብታውቂም ቃሉን የሚለየው እንደ አር፣ ቲ፣ ኤል ያለው ፊደል ነው፣ እሱን ሳታዪ ትቀሪያለሽ።

ስለ ድርብ ፊደሏ፦ ስሊፕ ብለሽ ጻፍሽ እንበል፣ ኤስ ኤል ኢ ኢ ፒ። መልሱ ደሞ ኦሽን ነው፣ ኦ ሲ ኢ ኤ ኤን። መልሱ ውስጥ ኢ አንድ ብቻ ናት፣ ቦታዋም 3ኛ ነው፣ ስለዚህ 3ኛዋ ኢሽ አረንጓዴ ትሆናለች፣ 4ኛዋ ግራጫ። ግራጫዋ ሁለተኛ ኢ የለም ነው የምትልሽ። ሁለቱም ቀለም ካገኙ ሁለት አለ ማለት ነው። ይሄ ሲገባሽ ጨዋታው ግማሽ ቀለለ።

በኤስ የሚያልቅ ብዙ ቁጥር፣ ማለት ካርድስ ቡክስ አይነት፣ እና በኢ ዲ የሚያልቅ ያለፈ ጊዜ ብዙውን ጊዜ መልስ ሆኖ አይመጣም፣ ለማጣራት ግን መጻፍ ትችያለሽ ይቀበልሻል። ስፔሊንጉ ደሞ የአሜሪካ ነው፣ እኛ አንዱ አስተማሪ እንዲህ አንዱ እንዲያ ስላስተማረን እንምታታለን። ፌቨር (ውለታ) ያለ ዩ፣ ኤፍ ኤ ቪ ኦ አር ተብሎ፣ መልስ ሆኖ የመጣ ቀን እንግሊዞቹ ራሳቸው ተንጫጭተዋል።

ገንደቆሬ፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ትልቁ ወጥመድ የላይት ቤተሰብ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ፊደሎች አይ ጂ ኤች ቲ አረንጓዴ ሆነው ይመጣሉ፣ ሰው ደስ ይለዋል አለቀ ብሎ፣ ከዛ ላይት ናይት ማይት ራይት ሳይት ፋይት ታይት ኤይት እያለ አንድ በአንድ ሲሞክር 6ቱም ያልቃል። እንደዛ ሲገጥምሽ አረንጓዴውን ተይውና ፎርምስ ብለሽ ጻፊ፣ ኤፍ አር ኤም ኤስን በአንድ መስመር አጣራሽ፣ ከስምንቱ አራቱ ተፈተሹ። አንድ መስመር የጣልሽ ይመስልሻል ግን አትርፈሻል። ሃርድ ሞድ ካበራሽ ግን ይሄን አይፈቅድልሽም ያገኘሽውን ፊደል ሁሌ ተጠቀሚ ይልሻል፣ ስለዚህ ጀማሪ ሆነሽ እሱን እንዳትነኪው።

ኮኔክሽንስ የሚባለውን ሌላ የቃል ጨዋታ ደሞ ለጊዜው እለፊው። 16 ቃል ሰጥቶ አራት አራት አርገሽ መድቢ ይላል፣ ግማሹ የአሜሪካ ቲቪ የአሜሪካ ቤዝቦል ነው፣ እዛ ያላደገ ሰው ከየት ያመጣዋል አቦ።

ፈረስ_መጋላ፦
እኛ እዚህ ሐረር በአማርኛ በወረቀት እንጫወታለን፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ስንቀመጥ። ኔትወርክም መብራትም አይፈልግም። ግን እንደ እንግሊዝኛው አይሄድም፣ እነሱ 26 ፊደል ነው ያላቸው፣ የኛ 33 ሲባዛ በ7 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳትቆጥሪ። በ6 ዕድል ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ሶስት ፊደል ያለው ቃል ብቻ፣ 10 ዕድል፣ ስም ብቻ ነው የሚያዘው ምክንያቱም ግስ ከፈቀድሽ ሄደ ሄደች ሄዱ እያሉ አያልቅም። ደሞ አንድ ምልክት ጨመርን። ያዢው ሰው የደበቀው ገበያ ነው እንበል፣ አንቺ ጉበት አልሽ። በ ቦታዋ ላይ ናት ትከበባለች። ጉ ራሷ የለችም ግን ቤተሰቧ ገ እዛው ቦታ ላይ አለ፣ ከስሯ ይሰመርባታል። ት ትሰረዛለች። ያቺ መስመር ባትኖር ጨዋታው አይቻልም ነበር፣ በሷ ግን ከእንግሊዝኛው ይጣፍጣል ብል አላጋነንኩም። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት፣ እሱን መጀመሪያ ካልተስማማችሁ ስትጨቃጨቁ ይመሻል።

ከዚራ_ጥላ፦
የሰዓቱን ማንም አልመለሰላትም እኮ። የሳቢያኗ ስልክሽ ደህና ነው፣ ቃሉም ለሁሉም አንድ ነው። አዲሱ ቃል የሚመጣው ሁሉም ባለበት አገር እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ለኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ሚኒሶታ ከኛ 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደሞ 9 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ አንቺ ከሌሊቱ 7 ላይ የዛሬውን ስትጫወቺ እሷ ጋ ገና የትናንት ከሰዓት ነው። ሼር ስታረጊው ከላይ ቁጥር አለው፣ ቁጥራችሁ አንድ ከሆነ አንድ ቃል ነው። እና እባክሽ መልሱን ግሩፕ ላይ እንዳትጽፊ፣ አንቺ ሁሌ ስለምትቀድሚ እዛ ያሉትን ታበላሺባቸዋለሽ፣ ሳጥኑን ብቻ ላኪ።

የሳቢያኗ፦
ኧረ አላህ ይስጣችሁ፣ ሰዓቱ እንደዛ መሆኑን ማን ያስባል። ነገ በስሌት እጀምራለሁ። ሸዋ በር ላንተም እሺ ሲደብረኝ እቀይራለሁ። ፈረስ መጋላ የወረቀቷን ከእህቶቼ ጋር ልሞክራት ነው፣ ሏ ሟ ቷ ምናምን ግን እንዴት ነው የሚቆጠሩት?

ፈረስ_መጋላ፦
ሏ የለ ቤተሰብ ናት፣ ሟ የመ፣ ቷ የተ፣ ይሰመርባቸዋል። ቋ ኳ ጓ ኋ ላይ ግን እኛም እስካሁን አልተስማማንም፣ እናንተ ከወሰናችሁ ንገሩን።