ላይቭ ስንለቅ የእንግዶች ዋይፋይ መስመሩን ይበላብናል፤ ኔትወርኩን እንዴት ልከፋፍል? (ጅማ)

አዳራሽ_ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሄርማታ አካባቢ ካለ አዳራሽ ስብሰባና ሰርግ በዩቲዩብ በቀጥታ እናስተላልፋለን። መስመሩ 10 ሜጋ ፋይበር፣ ራውተሩ ሚክሮቲክ፣ ስዊቹ ተራ ነው። የኦቢኤስ (ቪዲዮውን ወደ ዩቲዩብ የሚልከው ፕሮግራም) ላፕቶፕም የእንግዶች ዋይፋይም እዚያው ላይ ናቸው። 1080 በ6000 ኪሎቢት ነው የምንለቀው። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ኦቢኤስ ቀይ ያበራና ምስሉ ይቆማል። ግቢው ውስጥ ባለ ሌላ ክፍልም በ3 ቲቪ ማሳየት እንፈልጋለን። መስመር ላሳድግ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ፓኬት፦
መጀመሪያ ኦቢኤስ ላይ ስታትስን ክፈት። የሚጨምረው ድሮፕድ ፍሬምስ (ሳይላኩ የቀሩ ምስሎች) ከሆነ ችግሩ ኔትወርክ ነው፤ ኢንኮዲንግ ላግ (ቪዲዮውን ማመቁ ሲዘገይ) ከሆነ ግን የደከመው ላፕቶፑ ስለሆነ ራውተር ብትነካካ ለውጥ የለውም። በሻይ ሰዓት ብቻ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል፣ የፎቶ ባክአፑም በራሱ ይነሳል። ይሄ ሁሉ አፕሎድ (ወደ ውጭ መላክ) ነው፣ ያንተም ስርጭት አፕሎድ ነው።

ውሉ 10 ይበል እንጂ አንተ በልኬት ተመራ። ዝግጅት በሚኖርበት ሰዓት አፕሎዱን በኬብል ደጋግመህ ለካና ዝቅተኛውን ያዝ። 8 ወጣ እንበል፤ ለስርጭቱ ግማሹ ይበቃዋል። 720፣ 30 ፍሬም፣ ቪዲዮ 4000፣ ድምፅ 128፣ ሲቢአር (የማይለዋወጥ ቢትሬት)፣ ኪይፍሬም (ሙሉ ምስል) በየ2 ሰከንዱ። ከሚቆራረጥ 1080 የማይቆም 720 ይሻላል። ላፕቶፑንም ከዋይፋይ አውጥተህ ኬብል ላይ ሰካው።

ኪው፦
ፓኬት ያለውን ጨርስና ሚክሮቲኩ ላይ ግባ። ለላፕቶፑ ቋሚ አይፒ ስጥ፣ ለምሳሌ 192.168.88.20። ከዚያ ሲምፕል ኪው (መስመሩን የሚያከፋፍል የወረፋ ደንብ) ፍጠር፦ ወላጁ ኪው ታርጌቱ ሙሉ ኔትወርኩ፣ የአፕሎድ ማክስ ሊሚቱ (ጣሪያው) 7 ሜጋ። ከተለካው 8 ዝቅ የሚደረገው ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን አንተ በምታዝበት ራውተር ላይ እንዲፈጠር ነው። ሞደሙ የማንን ፓኬት እንደሚያስቀድም አያውቅም።

ከሥሩ ሁለት ልጆች። ለላፕቶፑ ሊሚት አት (የተረጋገጠ ድርሻው) 5 ሜጋ፣ ማክስ 7፣ ፕራዮሪቲ 1 (ከ1 እስከ 8 ካሉት 1 ይቀድማል)። ለእንግዶች ሊሚት አት 1 ሜጋ፣ ማክስ 2፣ ፕራዮሪቲ 8፣ የኪው ዓይነቱ ፒሲኪው፤ እሱ 2 ሜጋዋን ስልክ ላለው ሁሉ እኩል ያካፍላል። የልጆቹ ሊሚት አት ድምር ከወላጁ እንዳይበልጥ። የላፕቶፑ ኪው ከእንግዶቹ በላይ ይቀመጥ፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ከታች ከሆነ የእንግዶቹ ኪው ቀድሞ ይይዘዋል።

ለመፈተሽ ከላፕቶፑ 8.8.8.8ን ፒንግ እያደረግክ በሁለት ስልክ ትልቅ ቪዲዮ ላክ። ፒንጉ (የምላሹ ጊዜ) ብዙም ካልተነቃነቀ ሠርቷል።

ገመድ፦
ስለ ቲቪዎቹ፦ ዩቲዩብን መልሳችሁ አትክፈቱ፤ ይዘገያል፣ ከውጭ የሚገባውንም መስመር 3 ጊዜ ይበላል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሚዲያኤምቲኤክስ (ቪዲዮ ተቀብሎ ለብዙ ተመልካች የሚያከፋፍል ፕሮግራም) ጫን። ኦቢኤስ ወደ እሱ አንዴ ይልካል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ፕሮግራም ቪዲዮውን ዳግም ሳይቀይር (ኮፒ አድርጎ) ወደ ዩቲዩብ ያሳልፋል። እዚያ ኮምፒውተር ላይም እንዳትረሳ፦ አሁን ወደ ውጭ የሚልከው እሱ ስለሆነ «ኪው» ከላይ ለላፕቶፑ የሰጠው ቅድሚያ ለእሱ አይፒ ይሁን። ቲቪዎቹ ጋ ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ) በአርቲኤስፒ (የቪዲዮ ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) ፖርት 8554 ይከፍታል። 4 ሜጋ በ3 ሲባዛ 12 ነው፣ ለኬብል ምንም አይደል።

መልቲካስት (አንድ ዥረት በአንዴ ለብዙ መላክ) የሚል ሰው ይመጣል፣ አትስማው። ተራ ስዊች አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (ዥረቱን ማን እንደጠየቀ መለያ) ስለሌለው ዥረቱን በሁሉም ፖርት ይረጨዋል፤ አክሰስ ፖይንቱም (ዋይፋይ የሚያሰራጨው) በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚያስተላልፈው የእንግዶቹን ዋይፋይ ያፍነዋል።

ወደ ሌላው ክፍል የሚሄደውን ደግሞ ዩቲፒ (የመዳብ ኔትወርክ ኬብል) በአየር ላይ አትዘርጋ። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ መብረቅ በመዳብ ገብቶ የስዊቹን ፖርት ይጨርሳል። ፋይበርና ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከመዳብ ኬብል ጋር የሚያገናኝ) አድርግ። ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈማ ዩቲፒ ከነጭራሹ አይታሰብም።

አዳራሽ_ጅማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኪውዎቹን እንደተባለው ሠራሁ፣ ግን የባይት ቆጣሪያቸው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ፒንጉም እንደድሮው ይዘላል።

ኪው፦
ፋስትትራክ ነው። ፋየርዎል ፊልተር ውስጥ ፋስትትራክ ኮኔክሽን የሚለውን ሩል ዲሴብል አድርግ፤ እሱ ሲምፕል ኪውን ዘሎ ነው የሚያሳልፈው። የተከፈቱት ኮኔክሽኖች አሁንም በቀድሞው መንገድ ስለሚሄዱ ከኮኔክሽንስ ታብ አጥፋቸው ወይም ራውተሩን ሪስታርት አድርግ። ይሄን ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ላይቭ ላይ እያለህ አትሞክረው።