ቦዲውን ላስነሳ ወይስ ባሌስትራ ላስጨምር? መካኒኩ ሊፈታው ነው፣ ቶሎ በሉልኝ!

የሙሽራዋ ወንድም (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። ትናንት አዲስ ጎማ አስገጠምኩ፣ 265/75 አር 16። ገና ከበሩ ሳልወጣ መሪ ስጠመዝዝ ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን መሸፈኛ) ፈጨው። በቀኝ በኩል ያለውን ፕላስቲክ ገንጥሎ ጣለው። መካኒኩ "የቦዲውን ቡሎኖች ፈትቼ ከሥር ማንሻ እከትበታለሁ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ጎማው ይገባል" ይላል። ረዳቱ ደግሞ "የለም፣ ከኋላ ባሌስትራ (መኪናውን ተሸክሞ የሚለጠጠው ንብርብር ብረት) ይጨመር፣ ከፊት ይጠበቅ" ብሎ ድርቅ አለ። ተጣሉና መካኒኩ ቶርኖ ቤት ሄዷል። ሲመለስ መፍታት ይጀምራል። የቱ ይሻላል? ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ወደ ጃን አሞራ መነሳት አለብኝ። የእህቴ ሠርግ ነው። ባለፈው በዚያው መንገድ ጨነቅ የሚባለውን ቦታ አልፌ ዲፈረንሻሌን (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን) ድንጋይ መትቶት ዘይት እያንጠባጠብኩ ነው የተመለስኩት። ትልቅ ጎማ የገዛሁትም ለዚህ ነው።

ቀዳማዊ ጎሚስታ (4፡26)
ወንድሜ፣ ምን መኪና ነው? ቪትዝ ይሁን ሲኖትራክ በምን እንወቅ?

ሎንግ ቤዝ (4፡28)
እኔ ደግሞ የምጠይቀው ስንት ሰው ተጠርቷል ነው። ከጠራኸን ገፍተን እናደርስሃለን።

የሙሽራዋ ወንድም (4፡31)
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ የድሮው፣ 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው። ከፊት ባሌስትራ የለውም፣ በቁመቱ የተጋደመ ረጅም ዘንግ ነው ያለው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ 205 አር 16 ነው።

በለሳ ኤክስፕረስ (4፡33)
ሻክሉን አስረዝም። በቃ። ባሌስትራውን ከሻንሲ (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር የምታያይዘውን ብረት 10 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝም ኋላው 5 ይነሳል። ብየዳ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጋሼ ካምቢዮ (4፡44)
ልጄ፣ ተረጋጋና ስማኝ። ሰው ሁሉ "መኪና ማስነሳት" ይላል እንጂ ምኑን እንደሚያስነሳ አያውቅም። መኪናን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አድርገህ አስበው። ምድር ቤቱ ጎማውና አክሱ ነው። አንደኛው ፎቅ ሻንሲው ነው፣ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እዚያ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ፎቅ ቦዲው ነው፣ አንተ የምትቀመጥበት።

መካኒክህ የሚለው በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል ጡብ መክተት ነው። ቤቱ ከፍ ይላል፣ ለጎማህም ቦታ ይገኛል። ሻንሲው ግን ከድሮው ይልቅ ከመሬት አንዲት ጣት እንኳ አይርቅም። ድንጋዩ ሻንሲህን ድሮ በሚመታበት ቦታ ዛሬም ይመታዋል። ረዳቱ የሚለው በምድር ቤቱና በአንደኛው ፎቅ መካከል ነው። እሱ ሻንሲውን፣ ሞተሩንም፣ ቦዲውንም አብሮ ያነሳል።

ዲፈረንሻልህ ያለው ምድር ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱም አይጠቅሙህም! እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። እስኪ እናስላው። 205 አር 16 ቁመቱ 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲሱ 80 ገደማ። ልዩነቱ 6። አክሱ ያለው ጎማው መሀል ስለሆነ የሚነሳው የዚህ ግማሽ ነው፣ 3 ሳንቲ ሜትር። ለሁለት ጣት ውፍረት ነው እንግዲህ ይኼ ሁሉ ወጪና ጭቅጭቅ።

ጣሊያን ሊማሊሞን ቆርጦ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚለውን ቃል ሁሉ ትቶልን ሄደ። ማስተዋሉን ግን እኛው ነን ማምጣት ያለብን።

በለሳ ኤክስፕረስ (4፡47)
ጋሼ ጥሩ ብለዋል። ሻክሉ ግን ይረዝም።

ዳባት ላይ ቁርስ (4፡52)
ቦዲ ማንሳትን እኔ አድርጌው አይቻለሁ፣ ያውም በዚሁ ዓይነት ሃይሉክስ። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ። የማርሽ ዘንጉ ካምቢዮው ላይ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ቦዲው ላይ። ቦዲው ሲነሳ ዘንጉ የቀዳዳውን ጠርዝ መንካት ጀመረ። 2ኛ ማርሽ ሙሉ ለሙሉ ሳይገባ ይዘልብኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ! ራዲያተሩ ከቦዲው ጋር ወደ ላይ ሄደ፣ ቬንትሌተሩ ከሞተሩ ጋር ታች ቀረ። አምባ ጊዮርጊስ ሳልደርስ መሸፈኛውን ቆርጥሞ በላው። የነዳጅ መሙያው ጎማ ተወጥሮ ናፍጣ ሸተተኝ። ፓራውልቱ (ግጭት የሚከላከለው ብረት) ሻንሲው ላይ ስለሚታሰር ከቦዲው ጋር ሲለያይ የፍየል ጭንቅላት የሚያሳልፍ ክፍተት ሆነ።

በሥርዓቱ የሚሠራ ሰው አይችልም አላልኩም። የመሪው ዘንግ ይረዝማል፣ የፍሬን ቱቦዎችና የሞተሩ መሬት ሽቦ ይታያሉ፣ የቬንትሌተሩ መሸፈኛ ዝቅ ይላል፣ የኋላው ሳጥንም እኩል ይነሳል። ይኼ ግን ለነገ ሌሊት የሚደርስ ሥራ አይደለም።

የሙሽራዋ ወንድም (5፡03)
እሺ ገባኝ። ግን ጎማውን ገዝቼዋለሁ እኮ፣ ብሩ ወጥቷል። መካኒኩም መጣ። ይዞት የመጣው የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነው። 5፣ 5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ።

ቀዳማዊ ጎሚስታ (5፡04)
የውሃ ቧንቧ????

ሎንግ ቤዝ (5፡05)
ቢያንስ ውሃ ሲጠፋ ይጠቅማል።

ዳባት ላይ ቁርስ (5፡06)
አስቁመው! ባዶ ቧንቧ ቦዲ ተሸክሞ ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ ይጨፈለቃል፣ ቡሎኑም ይላላል። ማንሻ ሲባል ድፍን ነው፣ ወይ ጠንካራ ናይለን ወይ አሉሚኒየም። ቡሎኑም በዚያው ልክ ረጅምና ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት መሆን አለበት።

እትዬ ናፍጣ (5፡15)
ወንድሜ፣ በዚያ መንገድ ለዓመታት እህል አመላልሻለሁ። አንድ ነገር ሳትነግረን ሁሉም መልስ እየሰጠህ ነው። ድንጋይ የመታው የትኛውን ዲፈረንሻል ነው? የፊቱን ወይስ የኋላውን?

የሙሽራዋ ወንድም (5፡17)
የፊቱን ነው እትዬ።

እትዬ ናፍጣ (5፡31)
እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ካምቢዮ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያሉት ለኋላው ልክ ነው። ለፊቱ ግን በዚህ መኪና አይሠራም። ከፊት ባሌስትራ የሌለው ሃይሉክስ የፊት ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ሥር ነው የሚንጠለጠለው። በእርስዎ ቋንቋ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው ቶርሽን (ያ ረጅም ዘንግ) ሲጠበቅ እሱም አብሮ ይነሳል። ቦዲ ማንሳት ግን ለእሱ ምንም አያደርግም።

አሁን ወደ አንተ። ያ ረጅም ዘንግ ሲያረጅ ይደክማል፣ ፊቱም ይወርዳል። አንተ ማስነሳት የምትለው ምናልባት የወረደውን መመለስ ነው የሚያስፈልገው። ሜትር ያዝና ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀኝና ግራ ለካ። በዚህ መንገድ ስትለካ የጎማው ትልቅነት አያሳስትህም። ልዩነት ካለ ወይም ሁለቱም ወርደው ከሆነ ፊቱን በክሪክ አንሳ፣ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ፣ የቶርሽኑን ማስተካከያ ቡሎን ዘይት ቀባና በዙር እየቆጠርክ አጥብቅ፤ ሁለቱም ወርደው ከሆነ እኩል፣ ልዩነት ካለ የወረደውን አብልጠህ። አውርደህ ትንሽ ንዳና እንደገና ለካ። ከፋብሪካው ቁመት ብዙ አትለፍ። ከ3 እና 4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሄድክ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ያለ ልክ ያዘነብላሉ፣ የቅባታቸው ጎማ ሽፋን ይቀደዳል፣ መኪናውም እንደ ጋሪ ይመታሃል። ቁመቱን ከነካህ ደግሞ ዊል አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሳታስደርግ አስፋልት አትውጣ፤ አዲሱን ጎማ በአንድ ጉዞ ይበላብሃል።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ከዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት ከሥር የምትታሰረው መከላከያ ብረት አለች?

የሙሽራዋ ወንድም (5፡36)
የለችም። ዘይት ሲቀየር ፈትተዋት ነበር። "ትንኳኳለች" ብለው ጥግ ላይ ጣሏት። አሁን አየኋት፣ በርሜሉ ሥር ናት።

ሎንግ ቤዝ (5፡37)
😂😂😂 ጎማ በብር ገዝቶ ብረቱን በነፃ ጥሎ!

እትዬ ናፍጣ (5፡40)
አምጥተህ እሰራት። አራት ቡሎን ብትጎድል አስገዛ። ያን ቀን ድንጋዩ ያገኘው ባዶ ዲፈረንሻል ነው።

ጋሼ ካምቢዮ (5፡52)
የፊቱ ሻንሲው ላይ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ልጁ አልነገረኝም እንጂ። የእኔ አእምሮ የድሮው ላይ ነው፣ ከፊትም ባሌስትራ ያለው። ያ ነበር መኪና። እትዬ ናፍጣ ያሉት ትክክል ነው።

ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ባሌስትራ መጨመር ባዶ መኪናን ያደነድናል። ጭነት ሲበዛበት ይጠቅማል፣ ሳይጫን እንደ በቅሎ ያዘልላል። ነገ ምን ትጭናለህ?

የሙሽራዋ ወንድም (5፡55)
ድንኳን፣ ወንበር፣ 20 ሳጥን ዳሸን፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት። አራት ሰው ደግሞ ጋቢና ውስጥ።

ቀዳማዊ ጎሚስታ (6፡10)
ቢራው ብቻ 3 ኩንታል ገደማ ይሆናል። እኔ ጎማ ሻጭ ነኝና ጎማ አትግዛ አልልህም 😀። እውነቱን ግን ልንገርህ። በዚህ ጎማ ቧሂትን ስትወጣ ያስለቅስሃል። ያ ማለፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው 3ኤል ሞተርህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጎማህ በ8 በመቶ ስለረዘመ ደግሞ እያንዳንዱ ማርሽ ይከብዳል። 1ኛ ማርሽ እንደ 1ኛ አይሆንልህም፣ ፍሪሲዮን እያቃጠልክ ነው የምትወጣው። ፎር ዊሉን ከባዱን (ቀርፋፋውን) ማርሽ አስገብተህ ውጣ። ፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሽሃል፣ 60 ሲልህ 65 ላይ ነህ።

ጎማው ከፓራፋንጎው ሌላ የሚነካው ቦታ ካለም አልነገርከንም። ፓራፋንጎውን ብቻ ከሆነ ፕላስቲኩን ቆርጠህ፣ የብረቱን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጥፈህ ትገላገላለህ። መሪ እስከ መጨረሻ ሲዞር ሻንሲውን የሚነካ ከሆነ ግን ቦዲም አንሳ ባሌስትራም ጨምር ለውጥ የለውም። የመሪውን ማቆሚያ ቡሎን ትንሽ አውጥተህ ዙሩን ማሳጠር ነው ያለህ። ከዚያ በሊማሊሞ ዓይነት ጠመዝማዛ ወደ ኋላ እየመለስክ ነው የምትዞረው።

አሮጌዎቹ ጎማዎችስ የት ናቸው?

የሙሽራዋ ወንድም (6፡13)
እዚሁ ጋራዡ ውስጥ ናቸው። ጥርሳቸው ግማሽ ያህል አለ።

ዳባት ላይ ቁርስ (6፡14)
ታዲያ መልሰህ ግጠማቸው! መከላከያዋን እሰርና ሂድ። ማንሳቱን ከሠርጉ በኋላ በእርጋታ ታስበዋለህ። ስንቱ ሰው በ205 ጎማ የጃን አሞራዋ ከተማ መካነ ብርሃን ገብቶ ይወጣል።

በለሳ ኤክስፕረስ (6፡16)
እኔ የምለው ሻክሉን…

እትዬ ናፍጣ (6፡18)
አንተ ልጅ፣ ኋላውን ብቻ አንስተህ ፊቱ ወርዶ ቁልቁለት ላይ እንዲደፋ ነው? ተው እንጂ።

በለሳ ኤክስፕረስ (6፡19)
የእኔ መኪና ተደፍቶ አያውቅም እትዬ።

ሎንግ ቤዝ (6፡20)
የአንተ መኪና ሦስት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ነው፣ የት ይደፋል?

ጋሼ ካምቢዮ (6፡34)
ልጄ፣ ዓመታዊ ምርመራም አለ፣ አትርሳ። ቦዲው ከሻንሲው ተነስቶ ያየ መርማሪ ቦሎ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ይጠይቅሃል። ከሠርግ መልስም ሰው አስክረህ አትጫን። መኪና ከፍ ባለ ቁጥር ይገለበጣል፤ ኮረብታው ዳር ላይ ከጎን ሲያዘነብል ታየዋለህ። ለእህትህ እንኳን ደስ ያላት በልልኝ። ምን ወሰንክ?

የሙሽራዋ ወንድም (7፡02)
መካኒኩ ተቆጣ። ቧንቧውን ለመቁረጥ ከፍያለሁ ይላል። ከእሱ ጋር እየተነጋገርኩ ነው፣ መጣሁ።

ቀዳማዊ ጎሚስታ (ከምሽቱ 2፡15)
እና?

ዳባት ላይ ቁርስ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20)
ደባርቅ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ነጭ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አሁን አለፈ፣ በድንኳን ሸራ የተሸፈነ። ሸራው ላይ አራት አዳዲስ ጎማዎች በገመድ ታስረዋል። ከሥር የተገጠሙት አሮጌዎቹ ናቸው። እጄን አነሳሁ፣ ሹፌሩ አላየኝም። የሆነ ነገር ሲንኳኳ ግን ይሰማ ነበር።

ሎንግ ቤዝ (1፡24)
መከላከያዋ ናት! ሳትጠበቅ ታስራ ነው።

እትዬ ናፍጣ (1፡30)
ሳንቃበር ሲደርስ ወርዶ ያጥብቃት። ስልኩን የምታውቁ ደውሉለት፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ይጠፋል።

አራዳ ሰፈር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡05)
ሰላም፣ አሁን ነው ያነበብኩት። እነዚያ 265 ጎማዎች ይሸጣሉ?